በሕዝብ ስም የሚናገር አፍ

የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነውን? እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩዊን በ798 እ.ኤ.አ. ገደማ ለንጉሥ ሻርለማኝ በጻፈው ደብዳቤ፣ ድምፀ ሕዝብን ከድምፀ እግዚአብሔር ጋር የሚያስተካክሉትን ሰዎች እንዳይሰማ፣ የብዙ ሰው ሁካታ ምን ጊዜም ወደ እብደት የቀረበ መሆኑን እንዲያስብ መክሮት ነበር፤ ይሁን እንጂ አልኩዊን በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ያደረ ሰው ነበርና፣ ሕዝብን መናቁ ከሊቅነቱ ይልቅ ከተቀመጠበት ወንበር የመጣ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢነሣ ሐሰት ተናገረ አይባልም። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ ደብዳቤ ሳይዘጋ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሻገር ኖሮ፣ በእኛ ዘመን ደግሞ በደቡብ አውሮፓ፣ ይኸውም በኢጣልያ፣ በግሪክና በስፔን፣ የዩኒቨርስቲ መምህራን መጽሐፍ የሚጽፉበትና ጉባኤ የሚሰበስቡበት ዐቢይ ርእሰ ነገር ሆኗል፤ እነርሱ ፖፑሊዝም ይሉታል፣ በአማርኛም ሕዝበኝነት መባል ጀምሯል።

እኔ ይህን ነገር ለመመርመር የምነሣው ከሮማ ወይም ከአቴና ሳይሆን ከዶሎ ኦዶ ነው። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ እየተባሉ ወደ ሶማሊያ ከሚወርዱበት፣ የኬንያም ወሰን ከሚቀርብበት ከዚህ ቆላ ተነሥቶ፣ ገናሌን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ነገሌ ቦረና በሚደርሰው አገር ላይ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በሕዝብ ስም የተነገረ ቃል ሁለት ጊዜ አልፎበታል፤ አንደኛው በ1928 ዓ.ም. ከሮማ ሰገነት ወርዶ በአውሮፕላን የመጣው ነው፣ ሁለተኛው በ1966 ዓ.ም. ከነገሌ የወታደሮች ሰፈር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የወጣው ነው። ሊቃውንቱ በመጽሐፍ የሚከራከሩበትን ይህ አገር በደሙ ያውቀዋል።

አስቀድሜ የሊቃውንቱን ቃል ባጭሩ ላስቀምጥ። ሆላንዳዊው ካስ ሙደ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕዝበኝነት ማለት ኅብረተሰብን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን ንጹሑን ሕዝብ፣ በሌላው ወገን የረከሱትን ታላላቅ ሰዎች አቁሞ፣ ፖለቲካ የንጹሑ ሕዝብ ፈቃድ መፈጸሚያ ብቻ እንዲሆን የሚሻ ሐሳብ ነው ብሏል። ጀርመናዊው ያን-ቬርነር ሙለር በ2016 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ጠልቆ፣ የነገሩ ሥር በባለ ሥልጣን ላይ ማጉረምረም ሳይሆን ሕዝብን የምወክል እኔ ብቻ ነኝ ማለት መሆኑን፣ ይህንም የሚል ሰው ያልተከተለውን ሁሉ ከሕዝብ ቍጥር ማውጣቱ እንደማይቀር አስረድቷል። አርጀንቲናዊው ኤርኔስቶ ላክላው ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝብ የሚባል ነገር አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ሥራ ያጣው፣ ቤት ያጣው፣ ፍትሕ ያጣው እያንዳንዱ የየራሱን አቤቱታ ይዞ ሲዞር ቆይቶ ሁሉም በአንድ ስም የተሳሰሩ ዕለት ያን ጊዜ ሕዝብ ይወለዳል፤ ስለዚህ ሕዝበኝነት የፖለቲካ ደዌ ሳይሆን ራሱ የፖለቲካ ሥራ ነው ይላል። በማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርስቲ የፖለቲካ ትምህርት ሰዎች የነበሩት ፓብሎ ኢግሌሲያስና ኢኚጎ ኤረሖን በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቻቸው ጋር ፖዴሞስ የተባለውን ፓርቲ ሲያቋቍሙ፣ የላክላውን ትምህርት ከመማሪያ ክፍል ወደ አደባባይ አወጡት። በግሪክም በሐምሌ 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 61 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ የአበዳሪዎቹን ውል አይሆንም ብሎ ሳለ፣ ያው ሕዝበ ውሳኔውን የጠራው መንግሥት በሐምሌ 13 ቀን ሌላ ጭነት ያለበት ስምምነት ተቀበለ፤ ድምፁ ግልጽ ሆኖ ሳለ ድምፁን የተሸከመው አፍ ሌላ ቃል ሲያወጣ ያዩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ስለዚህ ይጽፋሉ። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ወደ ቀደመው፣ እኛን ወደሚመለከተው ልሂድ።

መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እኛ ግሸን ማርያምን በምናከብርበት ዕለት፣ በኢጣልያ ከተሞች ሁሉ ደወልና ሳይረን እየጮኸ ሕዝቡ ወደየአደባባዩ ተጠርቶ፣ ሙሶሊኒ ከፓላትሶ ቬኔትስያ ሰገነት የሚናገረውን በድምፅ ማጉያና በራዲዮ ሰማ። የንግግሩም ፍሬ፣ ወደ ግቡ የሚራመደው ሠራዊት ብቻ ሳይሆን 44 ሚልዮን ነፍስ ያለው አንድ ሙሉ ሕዝብ ነው፤ ይህንም ሕዝብ ሌሎች ከፀሐይ በታች ያለውን ጥቂት ቦታ ሊነሡት ተነሥተውበታል የሚል ነበር። የዛሬዎቹ ሊቃውንት የሚሉት ክፍፍል በዚያ ቃል ውስጥ ሳይጎድል ይገኛል፤ በአንድ ወገን ድኃው፣ ታታሪውና የተበደለው ሕዝብ፣ በሌላው ወገን በዤኔቭ ተቀምጠው ማዕቀብ የሚጥሉት ባለጸጎች አሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚህ ክፍፍል ውስጥ ከበዳዩም ከተበዳዩም ወገን ያልተቈጠረ ሦስተኛ መኖሩ ነው፤ ይኸውም መሬቱ የሚወሰድበት፣ ቦምቡም የሚወርድበት የገናሌና የተከዜ ሰው ነው። ሁለቱ ሲከራከሩ ሦስተኛው አልተጠራም። ስለ ሕዝበኝነት የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ ይህን ሦስተኛ ሰው እፈልገዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አላገኘውም።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. በሮማ፣ የአባት አገር መሠዊያ በሚባለው ሐውልት ፊት፣ ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለጦርነቱ ሰጡ። ከእርሳቸው በኋላ የወታደር እናቶችና መበለቶች፣ የገበሬና የሠራተኛ ሚስቶች ሰልፍ ሠርተው ቀለበታቸውን እየጣሉ፣ በወርቁ ፋንታ የብረት ቀለበት ተቀብለው ሄዱ፤ ካህናትም የብረቱን ቀለበት ባረኩላቸው፣ ከጳጳሳትም የወርቅ ሰንሰለታቸውን የሰጡ ነበሩ። የፋሺስትን አገዛዝ በብዕሩ ሲቃወም የኖረው ፈላስፋ ቤነዴቶ ክሮቼ እንኳ የሴናተርነት ሜዳሊያውን ሰጠ፤ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተርም አስቀድሞ በጥቅምት ወር በካቴድራሉ ባሰሙት ስብከት ዘመቻውን የመስቀል አገልግሎት አድርገው አመስግነውት ነበር። እነዚያ ሴቶች ሁሉ በግዴታ የመጡ ናቸው ማለት ነገሩን ማቅለል ነው። ኢጣልያዊው የታሪክ ሊቅ ሬንዞ ደ ፌሊቼ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሙሶሊኒ ታሪክ ቅጽ፣ ከ1929 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የስምምነት ዓመታት ብሎ ሲሰይም፣ አብዛኛው ሕዝብ አገዛዙን በፈቃዱ ደግፎ ነበር፣ የኢትዮጵያም ጦርነት የዚህ ድጋፍ ጫፍ ነበር ብሎ በመጻፉ በአገሩ ትልቅ ክርክር ተነሥቶበታል። የተቃወሙት ሊቃውንት ተቃዋሚው የምክር ቤት አባል ማቴዮቲ በ1924 እ.ኤ.አ. ከተገደለ፣ ሌሎቹ ፓርቲዎች በ1926 ከታገዱ፣ የቀሩትም ወይ ወህኒ ወይ ስደት ከገቡ በኋላ የተሰማ ጭብጨባ እንደ ምን ስምምነት ይባላል ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ከባዱም ነገር ይህ ነው። የሴትዮዋ ዕንባ እውነተኛ ነበር፣ ቀለበቷን የሰጠችውም ከልቧ ነው፤ ነገር ግን ልበ ቅንነቷ የሰጠችለትን ነገር ቅን አላደረገውም።

ከዚያ ቀን በዐሥራ ሁለተኛው፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ከዶሎ ወደ ሰሜን ምዕራብ በገናሌ ዳር በመልካ ዲዳ፣ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። ድንኳኖቹ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረባቸው። በድንኳን ውስጥ ተኝተው ከነበሩት ቍስለኞችና ከረዳቶቹ መካከል ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የጓዱ አለቃ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቈሰሉ፣ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለውም ስዊድናዊ በደረሰበት ቍስል ሞተ። ከቦምቡ ጋር የኢጣልያው ጄኔራል ግራዚያኒ የፈረመበት ወረቀት ተበትኖ ነበር፤ በኦጋዴን ተማርኮ ስለ ተገደለ አንድ ኢጣልያዊ አብራሪ የሚገባችሁን ቅጣት ትቀበላላችሁ የሚል ነው። እንግዲህ በሮማ የተባረከው የብረት ቀለበትና በመልካ ዲዳ የወረደው ብረት የአንድ ወር ሥራዎች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያገናኘው ሕዝቡ ይህን ይሻል የሚለው የአንድ ሰው ቃል ነበር። ግራዚያኒ በጥር ወር ከዶሎ ተነሥቶ ገናሌን ሽቅብ በመጓዝ የራስ ደስታን ጦር በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ኃይል ሰብሮ፣ በጥምቀት ሰሞን ነገሌን ያዘ፤ ከዚያም በኋላ የነገሌ ማርኬዝ ተብሎ ተሾመ፣ የዚህችም ከተማ ስም ለእርሱ የመኳንንት ማዕርግ ሆነ። ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ለማርያም ዕለት፣ ሙሶሊኒ ከዚያው ሰገነት ግዛተ ዐጤ ተመሠረተ ብሎ ሲያውጅ አደባባዩ እስከ ዳር መልቶ ነበር።

ኤሚልዮ ጀንቲሌ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን አገዛዝ ከነመሠዊያው፣ ከነሰማዕታቱ፣ ከነበዓላቱና ከነሃይማኖቱ መግለጫ የፖለቲካ ሃይማኖት ብሎታል። እኔም በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ፤ በዚያ መሠዊያ ላይ የተመለከው ጣዖት አንዱ ሰው ብቻ አልነበረም፣ ሕዝቡ ራሱን ነበር ያመለከው። አሮን ወርቁን ከሕዝቡ ጆሮ ሰብስቦ ጥጃውን ሲያቆም የሕዝቡን ፈቃድ ፈጸመ እንጂ የራሱን አላመጣም፤ ኋላ በተጠየቀ ጊዜም በሕዝቡ አመካኘ። የጣዖት ሁሉ ክፋት ዝም ማለቱ ነው፤ ዝም በማለቱም ስለ እርሱ የሚናገር ካህን ያስፈልገዋል፣ ካህኑም እንደ ወደደ ይናገርለታል። ሕዝብም አንድና የማይከፈል፣ ንጹሕና የማይሳሳት ተብሎ በተመለከ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ በምድር ላይ የለምና፣ በስሙ የሚናገረው አፍ ማንም የማይጠይቀው ጌታ ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ ሕዝበኝነትን ሁሉ ፋሺስትነት ነው ማለት አይገባም። አርጀንቲናዊው የታሪክ ሰው ፌዴሪኮ ፊንቸልስታይን በ2017 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ሕዝበኝነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምርጫ ኮሮጆን ተቀብሎ፣ አምባገነንነትን ትቶ የመጣ ሌላ መልክ ነው። የአቴና ጡረተኛ ወይም የማድሪድ ሥራ ፈት ወጣት በ2011 እ.ኤ.አ. አደባባይ በወጣ ጊዜ የያዘው አቤቱታ እውነተኛ ነበር፤ ይህን አቤቱታ ከፋሺስት ሰልፍ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው በአልኩዊን ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው።

እውነተኛ አቤቱታ ምን እንደ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ ምን ሊደርስበት እንደሚችል፣ ነገሌ ቦረና ከማድሪድ ይልቅ ታሳያለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የሰፈረው የ4ኛው ብርጌድ ተራ ወታደርና ባለ ሌላ ማዕርግ መኰንኖቹን አሠረ። ምክንያቱ የርእዮተ ዓለም ክርክር አልነበረም፤ ውኃ ነበር። የወታደሮቹ ጉድጓድ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም፤ የሚቀርብላቸውም ምግብ የማይበላ ነበር። በዚህ አገር በበጋ የኖረ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቀዋል፤ ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በድሬና በዱብሉቅ፣ ቦረናዎች ቱላ በሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉና እየዘፈኑ ውኃ ሲያወጡ፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ በደንብ ተራ የሚያስይዝ አባ ሔሬጋ የሚባል ሰው ይሾማል፤ የተጠማን ከውኃ መከልከል በዚያ አገር ሕግ ነውር ነው። ጃንሆይም ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹ ግን እርሳቸውንም ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ እነርሱ የሚጠጡትን ውኃ እንዲጠጡ አደረጉ።

ከኢትዮጵያ አብዮት ድርጊቶች ሁሉ ይህ አንዱ ለእኔ ከብዙ የፖለቲካ ፍልስፍና መጽሐፍ ይበልጣል። ወታደሩ ሕዝብ ነኝ አላለም፤ የጠየቀውም፣ በላዬ የተሾምህ ሆይ፣ የእኔን ውኃ ቅመስ ብቻ ነው። ይህ አቤቱታ የራሱ የባለቤቱ ስለ ሆነ በማንም ስም መነገር አላስፈለገውም። ነገር ግን ወሬው በጦሩ ራዲዮ ከክፍል ወደ ክፍል አልፎ ደብረ ዘይትና አስመራ በደረሰ ጊዜ፣ ከዚያም ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተላኩ 120 ያህል ሰዎች ደርግ ብለው በተሰበሰቡ ጊዜ፣ የውኃው አቤቱታ ቀስ በቀስ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ሰፊው ሕዝብ ለሚባል ሌላ ባለቤት ተሰጠ፤ ለሰፊው ሕዝብ ደግሞ አፍ የሆነው ራሱ ደርግ ነበር። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። በፊልሙ የታየው ረኃብ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ ሕዝቡም የተቈጣው በእውነተኛ ነገር ነው። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የጭሰኛው ደስታ እንደ ሮማዊቷ መበለት ዕንባ ከልብ የመነጨ ነበር፤ ከዚያም የበለጠ ነበር፣ አዋጁ የተበደለውን በደሉን አንሥቶለታልና። ይህን የሚክድ ሰው ስለ ሕዝብ ባይናገር ይሻላል።

ሆኖም በንጉሡ መውረድና በመሬቱ አዋጅ መካከል፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያለ ምንም ደም ይሉ የነበሩት የደርግ ሰዎች 60 ያህል እስረኞችን ያለ ፍርድ ገደሉ። ከተገደሉት አንዱ በነገሌ የወታደሮቹን ውኃ የጠጡት ድረሴ ዱባለ ነበሩ። ሌላው የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ፤ አባታቸውን ያስገደለ በገናሌ ዳር የተዋጋቸውና ኋላ እንደራሴ የሆነው ግራዚያኒ ነበር፣ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም.። አባትና ልጅ፣ አንዱ በኢጣልያ ሕዝብ ስም፣ ሌላው በኢትዮጵያ ሰፊ ሕዝብ ስም፣ ሁለቱም ቃላቸውን የሚሰማ ዳኛ ሳያገኙ አለቁ። የራስ ደስታንና የልጃቸውን ጉዳይ፣ የወራሪን ግፍና የአገር ልጅን ግፍ፣ አንድ አድርጌ ማየቴ አይደለም፤ የምለው ገዳዩ በሁለቱም ጊዜ ስለ ራሱ አልተናገረም ነው። ሙለር የሚለው ከሕዝብ ቍጥር ማውጣት በእኛ ቋንቋ ፀረ ሕዝብ የሚል ስም ተሰጥቶት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየመንገዱ ሬሳ ላይ በወረቀት ተለጥፎ ታየ፤ ገዳይና ተገዳይም ብዙ ጊዜ በዚያው በሰፊው ሕዝብ ስም የሚምሉ ነበሩ።

ታዲያ የሕዝብን ድምፅ መስማት ይቅር ልበል? መጽሐፍ እንዲህ አያስተምረኝም። የእስራኤል ሽማግሎች ንጉሥ አንግሥልን ብለው ወደ ሳሙኤል በመጡ ጊዜ፣ ነገሩ ነቢዩን ቢያስከፋውም እግዚአብሔር የሕዝቡን ቃል እንዲሰማ አዘዘው፤ ነገር ግን ንጉሡ ልጆቻቸውንና እርሻቸውን እንደ ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ እንዲነግራቸው ጨምሮ አዘዘው። እነሆ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ነገር አለ፤ ሕዝብ ይሰማል፣ ሕዝብ ይነገረዋልም። የሕዝብ ቃል ክቡር ነው፣ ግን መልስ የማይሰጠው አይደለም። ከዚህም ይልቅ የምወደው የይምላ ልጅ የሚክያስ ታሪክ ነው። አክዓብ ወደ ሬማት ዘገለዓድ ሊዘምት ሲነሣ 400 ያህል ነቢያት በአንድ ቃል ውጣ፣ ይቀናሃል አሉት፤ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ግን ይህን ያህል አንድ ድምፅ ሰምቶ ሳለ፣ ሌላ ነቢይ የለምን ብሎ ጠየቀ። ሊቃውንት ስለ ሚክያስ ድፍረት ብዙ ተናግረዋል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የኢዮሣፍጥ ጥያቄ ነው። የድምፁ አንድነት አላረካውም፤ እንዲያውም አንድነቱ አጠራጠረው። አክዓብ ሚክያስን በወህኒ አስገብቶ ዘመተ፣ በዚያም ሞተ። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም በተሰበሰቡ ጊዜ ወደ አንድ ቃል የደረሱት ከብዙ ክርክር በኋላ እንጂ ክርክሩን አስቀድመው ከልክለው አይደለም። በዶሎ ኦዶ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ቍርኣንም ከምዕራፎቹ አንዱን በምክክር፣ በሹራ ስም መጥራቱን እዚህ ያለ ማንኛውም ሸኽ ይነግረናል፤ ሶማሌዎች ሽር በሚሉት የዛፍ ጥላ ሸንጎም ሽማግሎች ተራ በተራ ሲናገሩ ውለው ሳይስማሙ ቢመሽ፣ ነገሩ ለነገ ይቀጠራል እንጂ የተቃወመው አይባረርም።

የቦረና ጉሚ ጋዮ የዚህ ሁሉ ትልቁ ምስክር ነው። በየስምንት ዓመቱ በጋዮ ጉድጓድ አጠገብ የሚሰበሰበው ይህ ጉባኤ፣ አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሰ በጻፏቸው መጻሕፍት እንዳስረዱት፣ ከአባ ገዳውና ከአማካሪዎቹ በላይ ሥልጣን ያለው፣ ሕግን የሚያድስ፣ በሥራው የጎደለን አባ ገዳም ከሥልጣኑ ሊነቅል የሚችል ነው። ነገሩ በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል፤ እጅ ተቈጥሮ ብዙኃኑ አሸነፉ አይባልም፤ የሚናደፍ ቃል የተናገረ ይገሠጻል፤ ውሳኔው የሁሉም እስኪሆን ድረስ ይነጋገራሉ። ማርኮ ባሲ የተባለ ኢጣልያዊ አንትሮፖሎጂስት በቦረና ተቀምጦ ይህን ሸንጎ አጥንቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በአገሩ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከግራዚያኒ አገር የመጣ ሰው ሕዝብ እንዴት እንደሚናገር ሊማር በቦረና ሽማግሎች እግር ሥር መቀመጡ በታሪክ ውስጥ ከሚገኙት መልካም ነገሮች አንዱ ነው ብል አላጋነንኩም። ሆኖም ሊመረመር የሚገባውን ልመርምር። በዚያ ጉባኤ ሴቶች እንደ ወንዶች ወንበር የላቸውም፤ የሚፈለገውም ሰላም የቦረና ሰላም ነው፣ ከጎረቤቶቻቸው ከጉጂ፣ ከገሪ ወይም ከደጎዲያ ጋር በግጦሽና በውኃ ጠብ በተነሣ ጊዜ ያ ሁሉ የንግግር ጥበብ ከወሰኑ ላይ ይቆማል። አፉ የብዙዎች ሆኖ ሳለ እንኳ ያ ሦስተኛው ሰው ከውጭ ይቀራል።

ይህ ሦስተኛ ሰው ዛሬ በደቡብ አውሮፓ የባሕር ዳር ላይ ቆሟል። በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ዲቾቲ የተባለው የኢጣልያ የራሱ የባሕር ጠባቂ መርከብ ከባሕር ያወጣቸውን 177 ሰዎች ይዞ፣ አብዛኞቹም ኤርትራውያን ነበሩ፣ ካታንያ ወደብ ደርሶ ሳለ እንዳይወርዱ ለቀናት ተከለከሉ። ዐቃቤ ሕግ ስለዚህ ነገር በጊዜው የአገር ግዛት ሚኒስትር በነበሩት በማቴዮ ሳልቪኒ ላይ ምርመራ በከፈተ ጊዜ፣ ሳልቪኒ የዐቃቤ ሕጉን ደብዳቤ በፌስቡክ ሕዝብ እያያቸው ከፍተው አነበቡ፤ መከራከሪያቸውም እኔን የመረጠኝ ሕዝቡ ነው፣ ዳኞቹን ግን ማንም አልመረጣቸውም የሚል ነበር። በመርከቡ ወለል ላይ የተኙት ሰዎች ከመራጩም ከዳኛውም ወገን አልነበሩምና ምን ይላሉ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ከእነዚያ ጋር የሚመሳሰሉ ሰዎች በዶሎ ኦዶ ዙሪያ አሉ። ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጦርነቱና ድርቁ ከሶማሊያ ያፈናቀላቸው ሰዎች የሰፈሩባቸው አምስት መጠለያዎች፣ ቦቆልማዮ፣ መልካ ዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂሎወይንና ቡራሚኖ፣ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ይዘው ያውቃሉ፤ በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ድንኳን የተደበደበበት የመልካ ዲዳ ስም ዛሬ የስደተኛ ሰፈር ስም ነው። ስደተኞቹ የራሳቸውን ማእከላዊ ኮሚቴ መርጠው ስለ ራሽን፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ቦኖ ውኃ ይናገራሉ፤ ሥልጣነ ቃላቸው ግን ከሰፈሩ አጥር አይወጣም፣ የወረዳው ሕዝብ ይህን ይላል በተባለ ጊዜም እነርሱ በዚያ ስም ውስጥ የሉም። ይህን ነገር ላክላውም ሙለርም አልፈቱልኝም፣ የጋዮ ሽማግሎችም ገና አልቈረጡትም። በገናሌ ዳር ግን ስደተኛውና ባለ አገሩ እኩል አባል ሆነው ሽንኩርትና በቆሎ የሚያለሙባቸው የመስኖ ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ ቦዩ አንድ ነው፣ ፓምፑም አንድ ነው፣ የውኃ ተራ በሚደለደልበት ቀን ከሶማሊያዋ ባይደዋ የመጣው ገበሬና የዶሎው አርብቶ አደር በአንድ ስብሰባ ተቀምጠው ስለ ራሳቸው ይከራከራሉ፤ አንዱ ስለ ሌላው፣ ወይም ስለ ሁለቱ ሦስተኛ ሰው፣ የሚናገርበት ስፍራ እዚያ የለም።